ክረምት የማያየው ባለቤት

የሰው ቤት ቁልፍ በኪሴ ይዤ መዞር ከጀመርሁ እነሆ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ቤቱ በልደታ ማርያም ሰፈር ከእኔ ቤት ሦስት አጥር አልፎ የሚገኝ፣ ስድስት መኝታ ክፍል ያለው ባለ ሁለት ፎቅ ነው። ባለቤቱ በልጅነቱ ሒሳብ ያስተማርሁት፣ ዛሬ በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ የሚኖር ጨዋ ሰው ነው። በየዓመቱ በታኅሣሥ አጋማሽ ይመጣል፤ ልደትንና ጥምቀትን ያከብራል፤ ጥር ሳያልቅ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ወር ያህል በዚያ ቤት ውስጥ የሚያድር ሰው የለም።

ይህን የምጽፈው እርሱን ለማማት አይደለም፤ ጽሑፉን አስቀድሜ አንብቤለታለሁ። የምጽፈው ለእናንተ ለወጣቶች ነው። ከእናንተ ብዙዎቹ «ውጭ አገር ሄጄ፣ ገንዘብ ይዤ፣ አዲስ አበባ ላይ ቤት ሠርቼ፣ በዓል በዓሉን እየመጣሁ እኖራለሁ» ስትሉ ሰምቻችኋለሁና። ሕልሙ የሚመስለውን ያህል ያማረ እንዳልሆነ የቁልፍ ጠባቂ ሆኜ ያየሁትን ልንገራችሁ።

በካናዳና በሰሜን አሜሪካ ብርዱ ሲበረታ ወደ ፍሎሪዳና ወደ አሪዞና የሚወርዱ ጡረተኞች አሉ፤ አገሬው «የበረዶ ወፎች» ይላቸዋል። የእኛም ሰዎች ከሚኒሶታ፣ ከቶሮንቶ፣ ከዋሽንግተን አካባቢ እንደዚሁ ይበራሉ። በዚያ በረዶ ሲከመር እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ የሚሞቅበት ወራት ነው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 270፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይኖረው በውጭ ዜጋ ላይ የተጣለውን ገደብ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን አንሥቶላቸዋል። ይህ መልካም ዐዋጅ ነው፤ ሰው ዜግነቱን ስለ ለወጠ ከተወለደበት አፈር መቆረጥ የለበትም። በ2014 ዓ.ም. ለልደት በዓል መንግሥት ጠርቶአቸው ብዙዎች ሲመጡም ከተማው ደስ ብሎት ነበር፤ እኔም እንደዚሁ። መምጣታቸውን የሚቃወም ሰው ልቡ ድንጋይ ነው።

እኔ የምቃወመው የተቆለፈውን በር ነው።

በቋንቋችን መክረም ማለት ክረምቱን ማሳለፍ ነው። ሰው በአንድ ስፍራ ከረመ የሚባለው ዝናቡንና ጭቃውን ከጎረቤቶቹ ጋር ችሎ ያለፈ እንደ ሆነ ነው። ቤትም የሚፈተነው በበጋ ሳይሆን በሐምሌና በነሐሴ ነው። እነዚህ ወንድሞቻችን ግን የቤታቸውን ክረምት አይተውት አያውቁም። በጋውን ብቻ የሚያውቅ ሰው፣ የቦታው ካርታ በስሙ ቢሆንም፣ ለቤቱ እንግዳ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷን የማላይ ያሉት አባቶች እንዲህ ያለውን ሀብት አይተው ይመስለኛል።

ክረምቱን የማየው እኔ ነኝ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የባሕር ዛፍ ቅጠል አሸንዳውን ደፍኖት ውኃው በኮርኒሱ ላይ ተኛ። በር ከፍቶ የሚያይ ሰው ስላልነበረ፣ እኔ በሳምንቱ ስገባ ኮርኒሱ ወርዶ አዲሱን ፍራሽ በውኃ አጥቦት አገኘሁ። በግድግዳው ላይ ሻጋታው እንደ ካርታ ተስሎ ነበር። በስድሳ ስድስት ዓመቴ መሰላል ላይ ወጥቼ ቅጠል ጠረግሁ። ሰው ቢኖርበት ኖሮ ያ ጠብታ በመጀመሪያው ሌሊት ይሰማ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ይባል ነበር። ከዚህ ሌላ የሮቶው ውኃ ቆሞ ይሸታል፤ አይጥ የሶፋውን ሆድ ቀዶ ይወልዳል፤ ያልተከፈተ ቧንቧ ይዝጋል፤ የመብራቱ ካርድ ማለቁን የሚያውቅ የለም። ባለቤቱ በየወሩ የሚልከው ብር ትንሽ አይደለም። ግን ለምን እንደሚልክ ልብ በሉ፤ ማንም የማይኖርበት ቤት ማንም እንዳይኖርበት ለማስጠበቅ ነው።

አሁን የማፍርበትን ነገር ልናገር። በግቢው በር አጠገብ ዘበኛው ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር የሚኖርባት የቆርቆሮ ክፍል አለች፤ ወርዷ ሁለት ሜትር፣ ርዝመቷ ሦስት ሜትር ቢሆን ነው። በነሐሴ ወር አንድ ሌሊት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወርዶ ቆርቆሮውን በሳው። ዘበኛው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በሬን መታ። «የኔታ፣ ሕፃኑ ትኩሳት አለው፤ መኝታችን ርሷል፤ የሰርቪሱን ክፍል ይክፈቱልን» አለኝ። ቁልፉ በኪሴ ነበር። ግን ባለቤቱ ማንም እንዳይገባ አዝዞ ስለ ነበር ስልክ ደወልሁ። በእርሱ አገር ገና ከቀኑ አሥር ሰዓት ስለ ሆነ ሥራ ላይ ነበረ፤ አላነሣም። እኔም የታመነ ሰው ነኝ ብዬ ክፍሉን ሳልከፍት አደርሁ። በማግሥቱ ልጁ የሳንባ ምች ይዞት ሐኪም ቤት ገባ። እግዚአብሔር ይመስገን ዳነ። ጠዋት የመጣው መልስ «እሺ፣ ለጊዜው ይግቡ፤ ብቻ እንዳይለምዱ» የሚል ነበር።

እንዳይለምዱ! በዚህ ቃል ብዙ ቀን አሰብሁ። ባለቤቱ ክፉ ሰው አይደለም፤ ለልጁ ሕክምና ገንዘብ የላከ እርሱ ነው። ነገር ግን የተቆለፈ ቤት ደግ የሆነውን ሰው እንዲህ እንዲናገር ያደርገዋል። እኔንም ስድስት ባዶ ክፍል አጠገብ ሕፃን በእርጥብ መኝታ እንዳስተኛ አደረገኝ። የበደሉን ግማሽ ለእርሱ ብሰጥ ግማሹ የእኔ ነው።

«በላቤ የሠራሁት ነው፤ ብቆልፈው ምን አገባችሁ?» የሚል ይኖራል። ላቡን አከብራለሁ፤ በበረዶ ውስጥ ሌሊት ሠርቶ ያገኘው መሆኑን አውቃለሁ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በዐዋጅ ሲወረስ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ቤት በመንጠቅ ቤት እንደማይበዛ በዐይኔ አይቻለሁ። ኪራዩ ጥቂት ብር የነበረው የቀበሌ ቤት፣ የእኔ ነው ብሎ የሚያድሰው በማጣት ስንቱ ጣራው ላይ ሣር በቀለ! ስለዚህ ዐዋጅ ይውጣበት አልልም። የምናገረው ለኅሊና ነው፤ ኅሊና ደግሞ ዘበኛ አያቆምለትም።

በዚህ ሰፈር ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ የጭቃ ቤቶቹ ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ሲሠራ፣ አብረውኝ እድር የጠጡ ብዙ ጎረቤቶቼ ወደ ከተማው ዳር ሄደዋል። ዛሬ ግንቦት 1 ቀን ለልደታ በዓል ሁለት ሦስት ታክሲ ለውጠው ይመጣሉ። እኔ ያስተማርኋቸው ወጣት መምህራን ከደመወዛቸው እኩሌታውን ለአንዲት ክፍል ኪራይ ይከፍላሉ። በዚህ መካከል ነው ባዶው ፎቅ መጋረጃውን ዘግቶ የቆመው።

«ካከራየሁት ስመጣ የት አርፋለሁ? ተከራይስ መቼ ይወጣልኛል?» የሚለው ጥያቄ ግን ጠንካራ ነው፤ አልሸሸውም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ዐዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። ስለዚህ ለአሥራ አንድ ወር አከራይቶ ለታኅሣሥ ማስለቀቅ አይቻልም። ግን ስድስት ክፍል ለአንድ ወር እንግዳ ምን ያደርግለታል? ላይኛውን ፎቅ ለራሱ ይያዝ፤ ምድር ቤቱን ለሚኖርበት ሰው ይስጥ። ኪራዩ አሸንዳውን ያስጠርጋል፤ ተከራዩ ጠብታውን ይሰማል።

የቀድሞዎቹ ሁለት ቤት አልነበራቸውምን? ነበራቸው። ራስ መኰንን ሐረርን ሲገዙ በአዲስ አበባም ግቢ ነበራቸው፤ ሌሎቹም መኳንንት እንደዚሁ። ነገር ግን ጌታው በሌለበት ጊዜ ግቢው አሽከሩ፣ ወታደሩ፣ ዘመዱ፣ ባለጉዳዩ የሚኖርበት ነበር። የከተማችን ሰፈሮች ብዙዎቹ በመኳንንት ስም የሚጠሩት በግቢው ዙሪያ ሰው ስለ ሰፈረ ነው። በዘበኛና በቁልፍ ብቻ ሰፈር አይቆረቆርም። እኔን ያስተማሩኝ የውጭ አገር ሚሲዮናውያንም ለዕረፍት ወደ አገራቸው ሲሄዱ ዕቃቸውን በአንድ ሣጥን ቆልፈው ቤቱን ለሌላ ቤተሰብ ይለቁ ነበር። ሲመለሱ ምድጃው ሞቆ ይጠብቃቸዋል።

ስለ እድሩም አንድ ቃል ልጨምር። ወንድማችን መዋጮውን በስልክ ይከፍላል፤ አንድ ወር አጓድሎ አያውቅም። ቀብር ግን በስልክ አይወጣም። ባለፈው ክረምት የጎረቤቱ እናት ሲሞቱ ድንኳኑ ከበሩ ፊት ተተክሎ፣ ዝናቡ ለቀስተኛውን ሲደበድበው፣ የእርሱ ሰፊ በረንዳ ተቆልፎ ነበር። ለቀስተኞቹ ምንም አላሉም። በጥምቀት ሲመጣ ግን ቡና የጠራው ሰው ጥቂት ነበር፤ እርሱም «ሰፈሩ ተለወጠብኝ» አለኝ።

ሕፃኑ ከሐኪም ቤት ከወጣበት ቀን ጀምሮ የዘበኛው ቤተሰብ በሰርቪሱ ክፍል ይኖራል። ለጊዜው የተባለውን ረስቼዋለሁ፤ እንዲወጡም አልጠይቅም። ይህን ጽሑፍ በስልክ ሳነብለትም በሚመጣው ታኅሣሥ ቁልፉን እንደማስረክበው፣ ጉልበቴም መሰላል እንደማይችል ነገርሁት። ሌላ ቁልፍ ጠባቂ ከመፈለግ የሚኖርበት ሰው ቢፈልግ እንደሚሻል ጨመርሁለት። ተቆጥቶ ስልኩን ዘጋብኝ። በማግሥቱ መልሶ ደወለና ምድር ቤቱ በወር ስንት ሊከራይ እንደሚችል ጠየቀኝ።