ከእሳት የተረፈው ኦርጋን

እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ኤፕሪል 15 ቀን 2019 በፓሪስ የኖትር ዳም ካቴድራል ጣሪያ ሲቃጠል ታላቁን ኦርጋን ነበልባሉ አልነካውም። ነገር ግን ከጣሪያው የተነሣ መርዛም የእርሳስ ትቢያ 8,000 ያህል ቧንቧዎች ባሉት መሣሪያ ላይ ሰፈረበት።

ለቍጠባ የሚያስብ ሰው፥ «ከእሳት ከተረፈ ላዩን መጥረግ ይበቃል» ባለ ነበር። ይህ የተሳሳተ ቍጠባ ነው። ቧንቧው የሚናገረው በነፋስ ስለሆነ፥ ከአፉ የገባ ጥቂት ትቢያ ቃናውን ያበላሻል።

ስለዚህ በ1868 ካቫዬ ኮል እንደገና የሠራው ይህ ኦርጋን በ2020 ተፈታ፤ ተጠርጎም ተመልሶ ተገጠመ። ድምፁን ማስማማት ጸጥታ ስለሚሻ ባለሙያዎቹ ለወራት በሌሊት ደከሙ። ዲሴምበር 7 ቀን 2024 ካቴድራሉ ሲከፈት ሊቀ ጳጳሱ ኦርጋኑን ስምንት ጊዜ ጠሩት፤ ስምንት ጊዜም መለሰ።