በጓዳ ሥራ እጅን ከስለት ስለ መጠበቅ

በዚህ ገጽ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ጤና ጥበቃ የሚነገረው ብዙ ነው። ዛሬ ግን ብዙ ሰው እንደ ተራ ነገር ስለሚቈጥረው፥ ዳሩ ግን ለቤት ሰላምና ለሰው እንጀራ ታላቅ ዋጋ ስላለው ጕዳይ ጥቂት ልንናገር ወደድን፤ ይኸውም በጓዳ የሚሠሩ ሰዎች እጃቸውን ከቢላዋና ከሌላውም ስለት እንዴት እንደሚጠብቁ ነው።

ባለቤት የሆነ ሰው ጠመንጃውን ሰቅሎ ጥይቱን ቈልፎ ያስቀምጣል፤ ጐራዴውንም በአፎቱ ያኖረዋል። በጓዳው ያለው ቢላዋ ግን ከማንኪያና ከጭልፋ ጋራ ተደባልቆ በአንድ ቅርጫት ተጥሎ ይኖራል። ጐራዴው በዓመት አንድ ቀን እንኳ ሳይመዘዝ ይቀራል፤ ቢላዋው ግን ከማለዳ እስከ ማታ ከሰው ጣት አጠገብ አይለይም። እንግዲህ ከሁለቱ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የትኛው እንደ ሆነ አስተዋይ ሰው ይፍረድ።

የሰው እጅ 27 አጥንቶች አሉት። ጣቶችን የሚያጥፈውና የሚዘረጋው ጡንቻ የሚበዛው ግን በክንድ ላይ ነው፤ ከዚያም ጅማቶች እንደ በገና አውታር ተዘርግተው እስከ ጣቶች ይደርሳሉ። በእያንዳንዱ ጣት ግራና ቀኝም የመዳሰስን ስሜት የሚያመላልሱ ነርቮች ከደም ሥሮች ጋራ ይወርዳሉ። ይህ ሁሉ ከቆዳው በታች በጥልቅ የተቀበረ አይደለም። ስለዚህ ጠባብ የሆነች የቢላዋ ቍስል፥ ደም እንኳ ብዙ ሳይፈስባት፥ ጅማት ቈርጣ ጣቱን እንዳይታጠፍ ልታደርገው ትችላለች። አውታሩ የተበጠሰ በገና እንጨቱ ደኅና ቢሆን ምን ይጠቅማል? በጽሕፈት ለምንኖር ለእኛ የአውራ ጣትና የአመልካች ጣት ዋጋ ግልጥ ነው፤ ያለ እነርሱ ብዕር አይያዝም። በጓዳ ለምትሠራው ሴት ግን ዐሥሩም ጣቶች ብዕሮቿ ናቸው።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት በከምባታ ምድር ያለችውን አዲሎን እናንሣ። በአዲሎና በዙሪያዋ፥ እንዲሁም በዱራሜና በሆሳዕና በኩል፥ ከእንሰት የሚገኘው ቆጮና ቡላ የሕዝቡ ታላቅ ምግብ ነው፤ በመላው አገራችንም እንሰት 20 ሚሊዮን ለሚያህል ሕዝብ ምግብ እንደሚሆን ይነገራል። ይህ ምግብ ከጓሮው አንሥቶ እስከ ምጣዱ ድረስ ከስለት ጋራ የተያያዘ ነው። ሴቶቹ ከተክሉ ላይ የተገነጠለውን ልጥ ባዘነበለ ሳንቃ ላይ አስደግፈው፥ በእግራቸውም ይዘው፥ በተሰነጠቀ ቀርቀሃ ይፍቁታል። የቀርቀሃው ጠርዝ እንደ ካራ የተሳለ ነው። በጕድጓድ ሰንብቶ ከበሰለ በኋላም ውሃው ተጨምቆ፥ ቃጫው እንዲያጥር፥ በትልቅ ቢላዋ ይከተፋል። በመስቀል ሰሞን፥ የከምባታ ሰዎች መሳላ፥ የሐዲያ ሰዎችም ያሆዴ በሚሉት በዓል፥ ከብት ይታረዳል፤ ሥጋውም ይከተፋል፤ በየቤቱ ቢላዋ የሚያርፍበት ሰዓት የለም።

ቆጮ ስትከትፍ ቀኝ እጅ ቢላዋውን ያወርዳል፤ ግራ እጅ ደግሞ የተበተነውን ይሰበስባል። እነሆ፥ አደጋው ያለው ከዚህ ላይ ነው። የዚህ ሥራ ጥበብ በፍጥነት አይደለም፤ ሁለቱ እጆች ባንድ ጊዜ ወደ አንድ ስፍራ እንዳይመጡ በማድረግ ነው። መክተፍ ሌላ፥ መሰብሰብ ሌላ፤ ሲሰበሰብም ቢላዋው ቆሞ፥ በቢላዋው ጀርባ ወይም በእንጨት መጥረጊያ እንጂ በጣት አይደለም። ይህ ሥርዓት ለቆጮ ብቻ ሳይሆን ለሽንኩርቱም ለጎመኑም ለሥጋውም ይስማማል።

አሁን ደግሞ በየቤቱ ሊፈጸም የሚገባውን በተራ እንጻፍ።

አንደኛ፤ ቢላዋው የተሳለ ይሁን። ብዙ ሰው የዶለዶመ ቢላዋ አይጐዳም ብሎ ያምናል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ዶልዱም ቢላዋ በኀይል መጫንን ይፈልጋል፤ በኀይል የተጫነም ከሽንኩርቱ ልጥ ላይ ተንሸራቶ በጣት ላይ ያርፋል። ስለዚህ ሞረድ ከጓዳ አይጥፋ። እጀታው የላላ ወይም የወለቀ ቢላዋም ሳይጠገን አይያዝ።

ሁለተኛ፤ ሽንኩርትንም ሆነ ሌላውን በመዳፍ ላይ ይዞ መክተፍ በአገራችን የተለመደ ነው። ይህ ልማድ ስለቱን ወደ ሥጋ የሚጠራ ስለ ሆነ መክተፊያ ጣውላ ያስፈልጋል፤ ጣውላውም እንዳይንሸራተት ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ይነጠፍለት። ሽንኩርቱ አስቀድሞ ለሁለት ይከፈል፤ የተቈረጠው ገጽ ወደ ታች ሆኖ ሲቀመጥ አይንከባለልም።

ሦስተኛ፤ የሚከተፈውን የሚይዘው እጅ ጣቶቹን ወደ ውስጥ ያጥፍ፤ አውራ ጣትም ከኋላ ይሰወር። ያን ጊዜ የቢላዋው ጐን በጣት አንጓ ላይ እየተመራ ይወርዳል፤ የጣቱ ጫፍ ግን ከስለቱ ይርቃል።

አራተኛ፤ የሚወድቅ ቢላዋ አይቀለብ፤ እግርን አርቆ መተው ነው። ለሌላ ሰው ሲሰጥም ከእጅ ወደ እጅ ሳይሆን በጣውላው ላይ አኑሮ ያንሣው ማለት ይሻላል። አረፋ ባለበት የዕቃ ማጠቢያ ውስጥም ቢላዋ አይጣል፤ የማያይ እጅ ይገባበታልና።

አምስተኛ፤ ዶሮ ሲበለት አጥንቱን በኀይል ከመስበር መገጣጠሚያውን በጣት ዳስሶ በዚያ ማለፍ ይገባል። ቁርጥ በሚበላበት ማዕድም ከመጠጥ በኋላ ቢላዋ ያነሣ ሰው ለጣቱም ለከንፈሩም ይጠንቀቅ፤ ይህ ለጓዳዋ ሴት ሳይሆን ለእኛ ለተቀማጮቹ የተጻፈ ነው።

ዛሬ በከተሞች ቤት ካሮትና ድንች በቀጭኑ የሚሰነጥቁ ባለ ምላጭ መሣሪያዎች በዝተዋል። እነዚህ ከቢላዋ ይልቅ ተንኰለኞች ናቸው፤ እጅ ወደ ስለቱ በፍጥነት ይመላለሳልና፥ ድንቹም እያነሰ ሲሄድ ጣቱ ሳይታወቅ ተራው ይደርሳል። ስለዚህ ከመሣሪያው ጋራ የሚመጣው መያዣ ተጥሎ አይቅር፤ የቀረችውም ቍራጭ ለወጥ ትሁን እንጂ ጣት አይከፈልባት። ከብረት ክር ወይም ከጠንካራ ቃጫ የተሠራ፥ ስለት በቀላሉ የማይገባው የእጅ ሹራብም ይሸጣል። ይህ ጓንቲ መቈረጥን ይከላከላል፤ የቢላዋን ጫፍ መውጋት ግን አያስቀርም። በኤሌክትሪክ ከሚዞር የሥጋ መፍጫ አጠገብ ደግሞ ጓንቲ አይለበስ፤ መኪናው ጓንቲውን ከያዘ እጁን አብሮ ይስበዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እጅ ቢቈረጥ፥ በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ዐሥር ደቂቃ ያህል ሳይገልጡ መያዝ፥ እጁንም ከልብ በላይ ከፍ ማድረግ ይገባል። ደሙ ሲቆም በሚወርድ ንጹሕ ውሃና በሳሙና ይታጠብ። የተፈጨ ቡና፥ ቅቤ፥ አመድ ወይም ላምባ በቍስል ላይ መጨመር ጐጂ ነው፤ ቍስሉን ያቈሽሻል፥ ሐኪሙም ጥልቀቱን እንዳያይ ይሸፍናል። ከዚያም የተቈረጠችው ሴት ጣቷን አንድ በአንድ አጥፋ ትዘርጋ። አልታጠፍ ያለ፥ የደነዘዘ፥ አፉን የከፈተ ወይም ደሙ አልቆም ያለ ቢሆን በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት ትወሰድ፤ የአዲሎ ሰው ወደ ዱራሜ ወይም በሆሳዕና ወዳለው ወደ ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ይሂድ። የተቈረጠ ጅማት ፈጥኖ ሲሰፋ የመዳን ተስፋው ትልቅ ነው፤ በዘገየ ቍጥር ግን ሥራው ይከብዳል።

መንጋጋ ቆልፍ የሚባለው፥ ሐኪሞች ቴታነስ የሚሉት በሽታም አይዘንጋ። የዚህ በሽታ ዘር በአፈርና በከብት ፍግ ውስጥ ይኖራል። የእንሰት ጓሮ ደግሞ በፍግ የሚለማ ስለ ሆነ፥ በዚያ የምትሠራ ሴት ከሌላው ይልቅ ክትባቷን ልታውቅ ይገባታል። የመጨረሻው ክትባት ከተወሰደ 10 ዓመት ካለፈ፥ ቍስሉ አፈር ወይም ፍግ የነካው ከሆነም 5 ዓመት ካለፈ፥ እንደገና መከተብ እንደሚያስፈልግ ሐኪሞች ያስተምራሉ።

በአሜሪካ አገር ኧርል ዲክሰን የሚባል፥ በጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ኩባንያ የጥጥ ገዢ የነበረ ሰው ነበረ። ባለቤቱ ጆሴፊን በጓዳ ሥራ ጣቷን እየደጋገመች ትቈርጥ ነበር። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1920 በሚጣበቅ ጥብጣብ መካከል ትንንሽ ንጹሕ ጨርቅ አኑሮ፥ እርሱ በሌለበት ብቻዋን ቈርጣ የምትለጥፈው አዘጋጀላት። ኩባንያው በተከታዩ ዓመት ለገበያ አወጣው፤ ዛሬ ፕላስተር የምንለው ዐይነት ከዚያ የመጣ ነው። ከዚህ የምንማረው ሰውዬው ሚስቱን ስለ ቸልተኝነቷ በመውቀስ አለመጀመሩን ነው፤ መድኀኒቱን በእጇ አጠገብ አኖረላት።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጽሕፈት በምንሠራበት ችሎት አንዲት የቤት ሠራተኛ ከጌታዋ ጋራ ስትከራከር ሰምተናል። ጌትየው «በራሷ ቸልተኝነት ጣቷን ቈረጠች፤ ልትሠራ ስላልቻለችም አሰናበትኋት» አለ። እርስዋም «እንግዶች መጡ፥ ፍጠኚ ተባልኩ፤ ቢላዋው እጀታ አልነበረውም፤ መቈረጤን ሦስት ቀን የደበቅሁት እንዳልባረር ፈርቼ ነው» ብላ መለሰች። የታጠፈው ጣቷ አልዘረጋ ብሎ ቀርቶ ነበር። ከተነገረው ነገር ሁሉ በልባችን የቀረው ያ የሦስት ቀን ዝምታ ነው። በመጀመሪያው ቀን ብትናገር ኖሮ ጣቷ ሊተርፍ ይችል ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ሠራተኛው በአሠሪው ቤት የሚኖር እንደ ሆነ፥ አሠሪው ስለ መኖሪያው፥ ስለ ምግቡ፥ ስለ ሥራውና ስለ ዕረፍቱ ጊዜ የሠራተኛው ጤና እንዲጠበቅ የሚገባውን እንዲያደርግ ያዝዛል። ሕጉ ባያዝዝም እንኳ ኅሊና ያዝዛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ዳሩ ግን ያስቸኰላት ማን እንደ ሆነ ተረቱ አይጠይቅም። እኛ ግን እንጠይቅ። እንግዳ በመጣ ጊዜ ግማሽ ሰዓት መታገሥ፥ ሞረድና ጣውላ መግዛት፥ ለቢላዋው ለብቻው ማኖሪያ መስጠት፥ በጓዳው ውስጥም ንጹሕ ጨርቅና ፕላስተር ማስቀመጥ ከአንድ ግብዣ ወጪ አይበልጥም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን «የተቈረጠች አትደብቅ፤ አትቈጣም» የሚል ቃል ከባለቤቱ አፍ በቤቱ ሁሉ መሰማቱ ነው።

አበው ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። ይህን ያነበበ ሁሉ ዛሬ ማታ ወደ ጓዳው ገብቶ ቢላዋዎቹን አንድ በአንድ ይመልከት፤ እጀታ የሌለው ቢገኝ ነገ ጧት ወደ ሠሪው ይላክ።