ሐረጉ በምን ላይ ተጠመጠመ?

የእንግሊዝኛ ሰዋስው በየትምህርት ቤታችን የሚሰጥበት መንገድ ተማሪውን ስም ጠሪ እንጂ አንባቢ አያደርገውም። ማስረጃዬ የሐረግ ትምህርት ነው። ልጆቻችን የስም፣ የግስ፣ የቅጽል፣ የተውሳከ ግስና የመስተዋድድ ሐረግ እያሉ አምስቱንም በቃላቸው ይወርዱታል። የተሰመረበትን አይተው ስሙን ይጽፋሉ፤ ነጥባቸውንም ይቀበላሉ። ንባቡ ግን ገና አልተጀመረም።

እስቲ ይህን ዓረፍተ ነገር እንመልከት፦ «ሺ ሂት ዘ ቲፍ ዊዝ ዚ አምብሬላ»። የመጨረሻዎቹ ሦስት ቃላት የመስተዋድድ ሐረግ ናቸው፤ ይህ አያከራክርም። ነገር ግን ዣንጥላው በማን እጅ ነበር? ሐረጉን ከግሱ ጋር ካያያዝነው፣ ሴትዮዋ ሌባውን በዣንጥላ መታችው ማለት ነው። ከስሙ ጋር ካያያዝነው ደግሞ፣ ዣንጥላ የያዘውን ሌባ መታችው ይሆናል። ስያሜው በሁለቱም ንባብ ልክ ነው፤ ስለዚህም ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ ቅንጣት ታህል አይረዳንም። ሐረግ በቋንቋችን በዛፍ ላይ የሚጠመጠም ተክልም ስም ነው። የቃላቱም ሐረግ እንደ ተክሉ በምን ላይ እንደተጠመጠመ ካልታየ ምኑ ታወቀ?

ጉዳቱ በትርጉም ሥራ ላይ ይብሳል። አማርኛ የስማዊ ሐረግን መሪ ቃል መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ «ጠረጴዛው ላይ ያለው መጽሐፍ» እንላለን። እንግሊዝኛው መጽሐፉን አስቀድሞ ጠረጴዛውን ያስከትላል። መሪውን ለይቶ የማያውቅ ተርጓሚ የባዕዱን ተራ እንዳለ ይገለብጣል፤ እኛም የሚያነክስ አማርኛ እናነባለን።

«ፈተናው የሚጠይቀው ስሙን ነው» የሚሉ መምህራን አሉ። ስሙስ ቢሆን መቼ ጸና? የመማሪያ መጻሕፍት የጀረንድ ሐረግ፣ የኢንፊኒቲቭ ሐረግ የሚሏቸውን፣ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመው ትልቁ የካምብሪጅ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ከንዑስ ዓረፍተ ነገር ይመድባቸዋል። ስያሜ ከሊቅ ሊቅ ይለያያል፤ «ይህ ከየትኛው ቃል ጋር ይሄዳል?» የሚለው ጥያቄ ግን ከማንም ጋር አብሮ ይኖራል።

ይበልጥ የሚቆጨኝ ይህን ጥያቄ ከውጭ መበደር የማያስፈልገን መሆኑ ነው። የቅኔ ቤት ተማሪ ግሱንና አገባቡን የሚማረው ቅኔ ሊቆጥርበት ነው፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ያቀርባል፣ ይታረማል፣ ደግሞ ይቆጥራል። አንድ ቃል ወደ ሰሙም ወደ ወርቁም እንዴት እንደሚያዝ በዚያ ይለምዳል። ሁለት ፍቺ ያለውን ንግግር መፍታት ለዘመናት የሠለጠንበት ጥበብ ሆኖ ሳለ፣ የእንግሊዝኛው ክፍል ስንገባ አውልቀነው የምንገባው ለምንድን ነው?

ስለዚህ መምህሩ «ይህ ምን ይባላል?» ከማለቱ በፊት «መሪው ማን ነው? ሐረጉስ ከማን ጋር ነው? ሌላ ንባብ አለውን?» ብሎ ይጠይቅ። ስሙ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።