ሰዓቱ ይመስክር እንጂ አይፍረድ

እኛ የቁጥር ጠላቶች አይደለንም። መገናኛ እየዋሉ ቁጥር መጥላት አይቻልም። የታክሲ ሰልፍ ይዞ የፋንታሲ ቡድኑን ነጥብ የሚደምረው፣ ውርርድ ቤት ደጃፍ ቆሞ የአጥቂዎችን የጎል ብዛት በቃሉ የሚያንበለብለው የሰፈራችን ልጅ ነው። ጠባችን ከቁጥር ጋር ሳይሆን ቁጥር ጀርባ ከሚደበቀው ሰው ጋር ነው።

ነገሩ የማራቶን ቡድናችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ለፓሪስ ኦሊምፒክ ሲሳይ ለማ፣ ደሬሳ ገለታ እና ቀነኒሳ በቀለ ተመረጡ። ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ሆነ። እስቲ አራቱ ከምርጫው በፊት በነበረው አንድ ዓመት የሮጡትን ፈጣን ሰዓት ደርድሩት፦ ሲሳይ ቫሌንሲያ ላይ 2:01:48፣ ደሬሳ ሴቪያ ላይ 2:03:27፣ ቀነኒሳ ለንደን ላይ 2:04:15፣ ታምራት ኒውዮርክ ላይ 2:04:58። ሦስቱ ገቡ፣ አራተኛው ቀረ። ወረቀት ላይ ሲታይ እንከን የለውም።

ግን ቫሌንሲያና ኒውዮርክ አንድ ናቸው እንዴ? ቫሌንሲያ ጠረጴዛ የመሰለ ሜዳ ነው፤ አሯሯጭ ይቀጠርለታል፣ ሰው የሚሄደውም ሰዓት ለማስመዝገብ ነው። ኒውዮርክ ድልድይ መውጣትና መውረድ ነው፤ አሯሯጭ የለም፣ ሁሉም የሚጠባበቀው አንዱ ሌላውን ነው። ታምራት እ.ኤ.አ. በ2023 እዚያ የሮጠው 2:04:58 ጂኦፍሪ ሙታይ በ2011 ያስመዘገበውን የ2:05:06 የቦታውን ክብረ ወሰን የሰበረ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ማንም ያልነካውን ሰዓት ያሻሻለ ሰው እኛ ዝርዝር ላይ ሲደርስ አራተኛ ወጣ! በዚያ ላይ በ2022 ኦሪገን ላይ በ2:05:36 የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፣ ያውም በሻምፒዮናው ክብረ ወሰን።

የፓሪስ መንገድ ደግሞ ምን ዓይነት ነበር? ወደ ቬርሳይ ወጥቶ የሚመለስ፣ በድምሩ 436 ሜትር ዳገት ያለበት። ከመገናኛ ሆኖ ወደ እንጦጦ ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው ይህ ምን ዓይነት ሯጭ እንደሚፈልግ ማስረዳት አያስፈልግም። መንገዱ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። የታምራት ታሪክም ይታወቅ ነበር።

ከዚያ ሲሳይ ተጎዳ፣ ቦታውንም ለቀቀ። ታምራት ገባ። ነሐሴ 10 ቀን 2024 (በእነሱ አቆጣጠር) በ2:06:26 አሸነፈ፤ ሳሙኤል ዋንጂሩ ቤጂንግ 2008 ላይ የያዘውን የ2:06:32 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰንም ሰበረ። ገዛኸኝ አበራ በ2000 ሲድኒ ላይ ካሸነፈ ወዲህ በወንዶች ማራቶን ወርቅ ስናገኝ የመጀመሪያችን ነበር። ደሬሳ 5ኛ፣ ቀነኒሳ 39ኛ ወጡ። ሲሳይ ቢሮጥ ኖሮ አያሸንፍም እያልን አይደለም፤ ቦስተንን ያሸነፈ ሰው ነው። የምንለው ሌላ ነው፦ የሃያ አራት ዓመት ወርቃችን የመጣው በአንድ ሰው ጉዳት በኩል ነው። ይህ ምርጫ ሳይሆን ሎተሪ ነው።

የመጀመሪያው ጊዜም አይደለም። ለሪዮ 2016 ከተመረጡት ሦስት ወንዶች ተስፋዬ አበራ በዚያው ዓመት ዱባይ ላይ 2:04:24፣ ለሚ ብርሃኑ 2:04:33 ሮጠው ነበር። ፈይሳ ሌሊሳ የነበረው ከቶኪዮ ያመጣው 2:06:56 ነው። ብሩን ይዞ የመጣው ፈይሳ ነው። ለንደን ላይ 2:06:36 ሮጦ 3ኛ የወጣው ቀነኒሳ ደግሞ ከቡድኑ ውጪ ሆነ፤ ሪዮ ባለቀ በወሩ በርሊን ላይ 2:03:03 ሮጦ የኢትዮጵያን ክብረ ወሰን ሰበረ። አልማዝ አያናስ? ከ2016 ሄንጌሎ ማጣሪያ በፊት በ10,000 ሜትር የሚደረደር ሰዓት አልነበራትም። በሕይወቷ ለሁለተኛ ጊዜ ርቀቱን ስትሮጥ ሪዮ ላይ በ29:17.45 የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። በሰዓት ዝርዝር ብቻ ቢሆን ቤቷ ቁጭ ብላ በቴሌቪዥን ታይ ነበር።

ይህ የኛ ብቻ በሽታ አይደለም። አሜሪካኖች ለፉትቦላቸው ልጆችን ሲመለምሉ የኮሌጅ ውጤታቸውን ይደምራሉ፣ 40 ያርድ ያስሮጧቸዋል፣ ያዘልሏቸዋል። ቶም ብሬዲ 40 ያርዱን በ5.28 ሰከንድ ተንፏቆ ጨረሰና በ2000 ምልመላ 199ኛ ተጠራ። በኋላ ሰባት ጊዜ ሱፐር ቦውል በላ። እነሱ ግን ቢያንስ ስህተታቸውን ቁጭ ብለው ይቆጥሩታል፤ እኛ ሜዳሊያው ከመጣ ጭፈራ፣ ካልመጣ ስድብ ነው።

አሁን «ሰዓት እኮ ዘመድ የለውም» የሚለን ይመጣል። እውነቱን ነው፤ ከባዱ ክርክርም ይኸው ነው። ሰዓት ከቀረ የአሰልጣኝ ልጅ፣ የማናጀር ልጅ፣ የእገሌ አገር ልጅ ሊባል ነው። ግን ማነው ሰዓት ዘመድ የለውም ያለው? ቫሌንሲያ ለመሮጥ ግብዣ ያስፈልጋል፣ ለግብዣው ማናጀር፣ ለማናጀሩ ቪዛ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቱታውን ለብሶ ከመገናኛ ወደ ሰንዳፋ የሚሳፈረው፣ ኮተቤና ካራ ላይ አንዲት ክፍል ለሦስት የተከራየው ልጅ ሰዓት የለውም። እግር ስላጣ ሳይሆን ሰዓት የሚሸጥበት ገበያ ስላልደረሰ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ እንጦጦ የሚሮጠውን ማንም አይመዘግብለትም። ለፓሪስ የወንዶች 10,000 ሜትር ሚኒማ 27:00 ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ የሚታሰብ አይደለም። የአሜሪካ ኮሌጆች ውድድር እንኳ ከፍታ ላይ የተሮጠን ሰዓት አስልቶ ያስተካክላል። የከፍታ አገር ነን የምንለው እኛ ግን ትራክ ማጣሪያችንን በ2021 ሄንጌሎ፣ በ2024 ስፔን ኔርሃ ሄደን አደረግን። ቪዛ የሌለው ማጣሪያ ላይ እንኳ መሸነፍ አይችልም።

ማጣሪያ በራሱ መድኃኒት ነው ማለታችን አይደለም። ለቶኪዮው ኦሊምፒክ በ2021 ሰበታ ላይ 35 ኪሎ ሜትር አስሮጡ። የተመረጡት ሹራ ቂጣታ፣ ሌሊሳ ዴሲሳ እና ሲሳይ ለማ ሦስቱም ውድድሩን አቋርጠው ወጡ። የአንድ ቀን ውጤትም ያው አንድ ቁጥር ነው። ማራቶኑ በተሮጠበት ሳፖሮ ላይ ያደከማቸው ሙቀት በሰበታ ብርድ አይፈተንም።

ስለዚህ ለ2028ቱ ሎስ አንጀለስ የምንጠይቀው ትንሽ ነው። መመዘኛው ከዓመት በፊት ይለጠፍ። ሰዓት ስንት ይመዝናል፣ አሯሯጭ በሌለበት ማሸነፍ ስንት ይመዝናል፣ ሻምፒዮና ላይ የታየ ውጤት ስንት፣ የመንገዱ ዳገትና ሙቀት ስንት? ዝርዝሩ ሲወጣም ከሯጮቹ ስም ሥር የመራጮቹ ስም ይጻፍ፣ ከነምክንያታቸው። እነማን ታምራትን አራተኛ እንዳሉት ዛሬም አናውቅም፤ «ሰዓቱ ነው» ተብሎ ያልፋል።