ተቆጣጣሪው ከሪአክተሩ ይቅደም

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ መንግሥት የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት ማቀዱን አስታወቀ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር በሞስኮ የሥራ ዕቅድ ተፈረመ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሜጋዋት ብዙ ተብሏል፤ ማመንጫውን ማን ይቆጣጠረዋል የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሣም።

ለሮቤና ለጎባ ነዋሪ የኃይል ማመንጫ ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው በዋቤ ሸበሌ ላይ የተሠራው፣ 153 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው መልካ ዋከና ነው። የውኃው መግቢያ ሲዘጋ ተርባይኑ ይቆማል፤ ጉዳዩም በዚያ ያበቃል። ሪአክተር ግን ከቆመም በኋላ መሞቁን አይተውም። በቆመበት ቅጽበት ከሙሉ የሙቀት ኃይሉ 6 በመቶ ገደማ የሚሆነው በነዳጁ ውስጥ መመንጨቱን ስለሚቀጥል፣ ማቀዝቀዣው ለረጅም ጊዜ ያለማቋረጥ መሥራት አለበት። ለማቀዝቀዣው ደግሞ መብራት ያስፈልጋል። መብራት በየጊዜው በሚቋረጥበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በፉኩሺማ የሆነውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 2011 የመሬት መንቀጥቀጡ ሲከሰት በሥራ ላይ የነበሩት ሪአክተሮች እንደታቀደው ቆሙ፤ በኋላ የመጣው የባሕር ማዕበል ግን የመጠባበቂያ ጄኔሬተሮቹን አጥለቀለቀ። የኩባንያው የራሱ ስሌት ከ15 ሜትር በላይ ማዕበል ሊመጣ እንደሚችል በ2008 አሳይቶ ነበር፤ ለተቆጣጣሪው የቀረበው ግን ከአደጋው አራት ቀን በፊት ነው። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የኒውክሌር ኃይልን በሚያስፋፋው ሚኒስቴር ሥር ይገኝ ነበር። የጃፓን ፓርላማ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አደጋውን ሰው ሠራሽ ብሎታል። አዲሱ ገለልተኛ ባለሥልጣን የተቋቋመው በ2012፣ ማለትም ከጥፋቱ በኋላ ነው።

የኢትዮጵያ የቁጥጥር ሥርዓት ከባዶ አይነሣም። በአዋጅ ቁጥር 79/1986 የተጀመረው ሕግ በአዋጅ ቁጥር 571/2000፣ ከዚያም በአዋጅ ቁጥር 1025/2009 ተተክቷል። ልምዱ ግን በአመዛኙ የራጅ መሣሪያዎችንና በኢንዱስትሪ፣ በሕክምናና በምርምር ላይ የሚውሉ የጨረር ምንጮችን በመቆጣጠር የተገኘ ነው፤ የሪአክተርን የደኅንነት ሰነድ መርምሮ መፍረድ ሌላ ሙያ ነው። ከሩሲያ ጋር በሶቺ በ2012 ዓ.ም. ስምምነቱን የፈረመው የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ነበር፤ የጨረር ተቆጣጣሪውም በወቅቱ ተጠሪነቱ ለዚያው ሚኒስቴር ነበር። የጃፓንን ታሪክ ያነበበ ሰው ይህን አደረጃጀት በቸልታ ሊያልፈው አይገባም።

የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በተለየ መንገድ ሄዳለች። የተቆጣጣሪውን ሕግ በ2009 አውጥታ ከኮሪያው ኩባንያ ጋር የግንባታ ውል የፈረመችው ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። የመጀመሪያው ሪአክተር የሥራ ፈቃድ ያገኘው በ2020 ሲሆን፣ ይህም ከዕቅዱ ሦስት ዓመት የዘገየ ነበር። መዘግየቱ ውድ ነው፤ ይሁንና አገሪቱ «ገና ነው» ማለት የሚችል መሥሪያ ቤት እንደነበራት ያሳያል።

ስለዚህ ማንኛውም የግንባታ ውል ከመፈረሙ በፊት ተቆጣጣሪው ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሆኖ የራሱ በጀትና የራሱ ገምጋሚዎች ሊኖሩት ይገባል። ገምጋሚዎቹን ሻጩ ብቻ ካሠለጠናቸው የሻጩን ሰነድ በሻጩ ዓይን ያነባሉ። ሥልጠናው ከቅርብ ሊጀመር ይችላል፦ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ድኅረ ምረቃ ተማሪ በጎባ ሪፈራል ሆስፒታል የራጅ ክፍል የጨረር መጠን ለክቶ፣ የግድግዳውን መከላከያ ፈትሾ፣ ጉድለት ሲያገኝ ክፍሉ እንዲዘጋ የሚጠይቅ ሪፖርት መጻፍን መለማመድ ይችላል።