የምግብ ቧንቧ ካንሰር፦ ከአዲስ ጠቋሚ በፊት ፎርማሊን

ለምግብ ቧንቧ ካንሰር ምርምር ገንዘብ ሲጠየቅ፣ በማመልከቻው ግንባር ላይ የሚቀመጠው ብዙውን ጊዜ «አዲስ የፕሮቲን ጠቋሚ» የሚለው ተስፋ ነው። ሐሳቡ ያማልላል፤ ከዕጢው በተወሰደ ቁራጭ ናሙና ውስጥ የአንድ ፕሮቲን መብዛት ወይም ማነስ ታይቶ የሕመምተኛው ዕድሜ ይገመታል። ፒ53፣ ኪ-67፣ ሳይክሊን ዲ1 ለዚሁ ዓላማ ለዓመታት ተጠንተዋል። ይሁንና በዕለት ተዕለት ሕክምና የዕጢውን የሥርጭት ደረጃ ሊተካ የበቃ አንዳቸውም የለም። ጥናቶቹ በአብዛኛው በጥቂት ሕመምተኞች ናሙና ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ «ብዙ» እና «ጥቂት» የሚባለውም ድንበር ከቤተ ሙከራ ቤተ ሙከራ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው «ሪማርክ» የተሰኘው የጥናት አዘጋገብ መመሪያ ይህንኑ ጉድለት ለማረም የታሰበ ነበር።

የምክር ቤት ረዳቶች አንድ ልዩነት እንዲይዙልን እንሻለን። ዕድሜን የሚተነብይ ፕሮቲን አንድ ነገር ነው፤ የትኛው መድኃኒት ለማን እንደሚጠቅም የሚናገር ፕሮቲን ግን ሌላ ነው። ፒዲ-ኤል1 የኋለኛው ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አማካሪ ኮሚቴ፣ ይህ ፕሮቲን ከ1 በታች ለሚለካባቸው ሕመምተኞች የበሽታ መከላከያ ሥርዓትን የሚያነቃቁት መድኃኒቶች ጥቅማቸው ከጉዳታቸው አይመዝንም ሲል በከፍተኛ ድምፅ አቋም ወስዷል። ውሳኔን የሚለውጥ ጠቋሚ እንዲህ ያለው ነው፤ የሕዝብ ገንዘብም ወደዚህ ቢያደላ ተገቢ ነው።

ነገር ግን በሽታው የት ነው የሚገድለው? ከኢትዮጵያ በኬንያና በማላዊ አልፎ እስከ ደቡብ አፍሪካ በሚዘረጋው ቀጠና ስኳመስ የተባለው ዓይነት ይበረታል። በአገራችን አርሲና ባሌ በተለይ ይነሣሉ። ሕመምተኛው ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ምራቁን እንኳ መዋጥ ሲያቅተው ነው። ኢንዶስኮፒ ባልተዳረሰበት፣ ናሙናው በወቅቱ ፎርማሊን ውስጥ ባልገባበት፣ የሚያነበው ፓቶሎጂስት እጅግ ጥቂት በሆነበት አካባቢ ስለ ፕሮቲን መለካት ማውራት ጣሪያ ከግድግዳ በፊት ማቆም ነው። ናሙናው በፎርማሊን የሚቆይበት ሰዓት ሲዛባ የምርመራው ውጤትም አብሮ ይዛባል። (ፎርማሊን መግዛት ለምረቃ ሥነ ሥርዓት አይመችም፤ ምናልባትም ችላ የሚባለው ለዚህ ይሆናል።)

ሁለቱ አይጣሉም፣ ጎን ለጎን ይሂዱ የሚሉን አሉ። በመርሕ ደረጃ እንስማማለን። በጀት ሲጠብ ግን መጀመሪያ የሚቆረጠው የማይታየው ሥራ መሆኑን አይተናል። ስለዚህ በረቂቁ ውስጥ ሦስት ነገር በጽሑፍ እንዲገባ እንጠይቃለን፦ ለጠቋሚ ምርምር ከሚመደበው ገንዘብ ለፓቶሎጂ አገልግሎትና ለባለሙያ ሥልጠና የተወሰነ ድርሻ ይለይ፤ አንድ ጠቋሚ ተረጋግጧል ከመባሉ በፊት በምሥራቅ አፍሪካ ሕመምተኞች ናሙናም ይፈተን፤ ፈውስ ላልተገኘለት ሕመምተኛም መዋጥ የሚያስችለው የብረት ቱቦ በሕክምናው ወጪ ውስጥ ይካተት።