3 አሸንፎ 25 የተሸነፈ ቡድን

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ስለምጽፍ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡኝ።

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር «መምህር፣ ገንዘብ የማያመጣ የስፖርት ቡድን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምን ይሠራል? ቢዘጋስ ምን ይጎድላል?» ብሎ ጠየቀኝ። በሁለት መስመር ልመልስለት ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ስለዚህ በአንድ ቡድን ታሪክ ልመልስለት፦ የካሊፎርኒያው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ቮሊቦል ቡድን። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ አንድ ነገር እንወቅ። አሜሪካ ውስጥ የወንዶች ቮሊቦል የኮሌጅ ስፖርት እንጀራ ልጅ ነው። ቴሌቪዥኑም፣ ብሩም፣ ጩኸቱም የአሜሪካ ፉትቦልና የቅርጫት ኳስ ነው። ለብዙ ዓመታት ደንቡ ለአንድ የወንዶች ቮሊቦል ቡድን የሚፈቅደው ስኮላርሺፕ 4.5 ብቻ ነበር። አዎ፣ አራት ተኩል! እሷኑ ነው ለሃያ የሚጠጉ ልጆች ቆራርሰው ያካፍሏት የነበረው። ቀሪውን ቤተሰብ ይከፍል ነበር። ስለዚህ እዚያ ሜዳ ላይ የምታዩት ልጅ በአብዛኛው ጨዋታውን ስለወደደ ብቻ የመጣ ነው።

ስታንፎርድ የመጀመሪያውን የአገር አቀፍ ዋንጫ ያነሳው በ1997 ነው። የፍጻሜ ተጋጣሚው ዩሲኤልኤ ነበር፤ እስከዚያ ዓመት ድረስ 16 ዋንጫ የሰበሰበ ቡድን። 3 ለ 2 አሸነፉት። ደስ ይላል። ግን እኔን የሚገርመኝ እሱ አይደለም።

እኔን የሚገርመኝ 2007 ነው። በዚያ ዓመት ይኸው ቡድን 3 ጨዋታ አሸንፎ 25 ተሸነፈ። እስቲ አስቡት፤ በየሳምንቱ ወጥተህ መሸነፍ፣ ሰኞ ደግሞ ተነስተህ ልምምድ መግባት። ከዚያ ክፍል፣ ከዚያ ፈተና። በዚያ ቡድን ውስጥ ገና ፍሬሽማን የሆኑ ልጆች ነበሩ። ከነሱ አንዱ ካዊካ ሾጂ የሚባል ኳስ አመቻች ነው፤ አባቱ ዴቭ ሾጂ የሃዋይ ዩኒቨርሲቲን የሴቶች ቡድን ለአሥርት ዓመታት ያሠለጠነ ትልቅ ሰው ነው።

እነዚህ ልጆች ጂሲ የሆኑት በ2010 ነው። በዚያው ዓመት የፍጻሜው ጨዋታ በገዛ ግቢያቸው አዳራሽ ተደረገ። ፔን ስቴትን 3 ለ 0 አሸንፈው ዋንጫውን አነሱ። ከመጨረሻው ተነስተው አንደኛ። አሠልጣኙ ጆን ኮስቲ በሁለቱም ዓመት ያው እሱ ነበር፤ ከ3-25 በኋላ አላባረሩትም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው እንዲህ ነው። ካዊካና ታናሽ ወንድሙ ኤሪክ ከዚያ በኋላ በ2016 ሪዮ ኦሊምፒክ ለአገራቸው የነሐስ ሜዳሊያ አመጡ፤ ኤሪክ በ2024 ፓሪስ ላይ ደገመው።

አሁን ወደ ጥያቄው። በሐምሌ 2020፣ ኮሮና ዓለምን ባስጨነቀበት ሰዓት፣ ስታንፎርድ ከነበሩት 36 ስፖርቶች 11ዱን በቀጣዩ የትምህርት ዓመት መጨረሻ እዘጋለሁ አለ። የወንዶች ቮሊቦል አንዱ ነበር። ከ240 በላይ ስፖርተኛ ተማሪዎችን የሚነካ ውሳኔ ነው። ምክንያቱ ገንዘብ ነው ተባለ። እውነት ለመናገር ምክንያቱ ውሸት አልነበረም፤ የስፖርት ክፍሉ ከወረርሽኙ በፊትም ጉድለት ነበረበት፣ 36 ስፖርት መያዝም ቀላል ሸክም አይደለም። ግን ይኸው ዩኒቨርሲቲ በዚያን ጊዜ ከ27 ቢሊዮን ዶላር በላይ የኢንዶውመንት ሀብት ነበረው። ታዲያ ጥያቄው «ብር አለ ወይ?» ሳይሆን «ብሩ ለማን ይገባል?» ነበር ማለት ነው።

የቀድሞ ተማሪዎች ዝም አላሉም። ቮሊቦሉም፣ ትግሉም፣ ቀዘፋውም፣ ሻሞላውም ለየብቻ ማልቀሱን ትተው አንድ ላይ ቆሙ። ገንዘብ አዋጡ፣ ደብዳቤ ጻፉ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በመጋቢት 2021 ሼን ግሪፊዝ የሚባል የስታንፎርድ ታጋይ የዩኒቨርሲቲው ስም የሌለበት ጥቁር መለያ ለብሶ ወጥቶ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። ከዚህ በላይ ምን ንግግር ያስፈልጋል? በግንቦት 2021 ዩኒቨርሲቲው ውሳኔውን ሰረዘ። አሥራ አንዱም ተረፉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።

እዚህ ላይ ግን ደስታዬን ልቀንስ። እነዚህ የተረፉት ትክክል ስለነበሩ ብቻ አይደለም። ሀብታምና ተሰሚነት ያላቸው የቀድሞ ተማሪዎች ስለነበሯቸው ጭምር ነው። ሁሉም ግን እንዲህ ዕድል የለውም። የአሪዞናው ግራንድ ካንየን ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ቮሊቦል ቡድን በ2024 እስከ አገር አቀፉ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ በ2025 ተዘጋ። ከዚያው ዓመት ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋቾች በቀጥታ እንዲከፍሉ ተፈቅዷል፤ ጣሪያው በመጀመሪያው ዓመት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ለተጫዋቾቹ መከፈሉ ፍትሐዊ ነው እላለሁ። ግን የብሩ አብዛኛው ወዴት እንደሚሄድ እናውቃለን፤ ሲጎድልም ከማን እንደሚቀነስ እናውቃለን።

የኔ አቋም ይኸውና፦ ዩኒቨርሲቲ ሱቅ አይደለም። የአንድን ዓመት ሒሳብ አይቶ የሚዘጋ ሰው በ2007 ቢመጣ ኖሮ ያንን ቡድን ያለ ክርክር ይዘጋው ነበር፤ 3-25 የሆነን ቡድን ማን ይከራከርለታል? 2010 ግን የተሠራው በ2007 ውስጥ ነው። እኛ መምህራን ይህንን ከማንም በላይ እናውቃለን። በአንደኛ ዓመት ሲ እና ዲ እየሰበሰበ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ልጅ አራተኛ ዓመት ላይ ሌላ ሰው ሆኖ ይመጣል። የሚመጣው ግን የሚጠብቀው ካገኘ ነው። መዝጋት ካስፈለገ እንኳ ልጆቹንና አሠልጣኙን ቀድሞ ማማከር፣ መፍትሔ የሚፈልጉበት ጊዜ መስጠት ይገባል። ስታንፎርድ ውሳኔውን ጨርሶ ነው የነገራቸው፤ ለመመለስ አሥር ወር ፈጀበት።

ስለዚህ ልጄ፣ «ቢዘጋስ ምን ይጎድላል?» ላልከኝ፦ ገና ያልመጣው 2010 ይጎድላል። እሱ ደግሞ በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ ላይ አይታይም።

እስቲ እናንተም፣ በካምፓሳችሁ ቮሊቦል የተጫወታችሁ ወይም መስመር ዳር ቆማችሁ የጮኻችሁ፣ የድሮ ፎቶ ካላችሁ ከሥር ለጥፉልኝ። የተሸነፋችሁበትም ቢሆን። በተለይ የተሸነፋችሁበት።

መልካም ቀን።